ከጢስ ኃይል ያወጣው መሐንዲስ፤ የአልፍሬድ ቡኺ የሕይወት ታሪክ

ከዓባይ በረሃ ወጥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ከተማችን ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ቡሬ የሚዘልቀውን ከባድ መኪና ድምፁን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ዳገት ሲይዝ ከሞተሩ ጩኸት በላይ አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የሚያፏጨው ሾፌሮች ቱርቦ የሚሉት መሣሪያ ነው። የናፍታን ሞተር ስለ ፈለሰፈው ስለ ሩዶልፍ ዲዝል ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ስለ ቱርቦው ባለቤት ግን ሲነገር ሰምቼ ስለማላውቅ የእርሱን ታሪክ ለመጽሔታችን መረጥሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ቡኺ በስዊስ አገር በቪንተርቱር ከተማ ጁላይ 11 ቀን 1879 ተወለደ። (ስሙ ከእኛ ቡሄ ጋር ቢቀራረብም ዝምድና የለውም።) ቪንተርቱር የፋብሪካ ከተማ ስትሆን አባቱም ሱልዘር በተባለው ታላቅ ፋብሪካ ከፍ ያለ ኃላፊነት ነበረው። ልጁ በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመሐንዲስነት ትምህርቱን በ1903 ፈጸመ፤ ከዚያም በቤልጅግና በእንግሊዝ አገር ሠራ።

በዚያን ጊዜ ሐሳቡን የያዘው አንድ ነገር ነበር። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ከፊሉ በማቀዝቀዣው ውኃ፣ ከፊሉም በጢስ መውጫው ቱቦ ይጠፋል። ይህ የሚባክን ሙቀት ለምን አያገለግልም ብሎ ወጣቱ አሰበ። ኖቬምበር 16 ቀን 1905፣ ገና የ26 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ ለፈጠራው የጀርመንን መንግሥት የባለቤትነት መብት ጠየቀ።

ፈጠራውን ለመረዳት ቀጥቃጭን ማሰብ ይበቃል። ወናፉ በበረታ መጠን ፍሙ ይቀላል። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ አቃጥሎ ብዙ ኃይል ይሰጣል። አየርን አምቆ ለሞተር የማጉረሱ ሐሳብ ራሱ ከቡኺ በፊት ነበር፤ ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 አስመዝግቦታል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነፊ የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው፤ በቺንጋ ወይም በጥርስ። ስለዚህ ቀጥቃጩ በአንድ እጁ እየቀጠቀጠ በሌላው ወናፉን እንደሚነፋ ያህል፣ ሞተሩ ከጉልበቱ ከፍሎ ለነፊው ይሰጣል። ቡኺ ግን ወናፉን ለጢሱ ሰጠው። የሚወጣው ትኩስ ጢስ አንዱን መንኮራኩር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው መንኮራኩር አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ሥራው ግን ሃያ ዓመት ፈጀ። ቡኺ በ1909 ወደ ሱልዘር ገብቶ በናፍታ ሞተሮች ላይ ሲመራመር ቆየ። በ1915 የሠራው ናሙና የሚታመን ሆኖ ስላልተገኘ ለገበያ አልበቃም። በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ሁሉ ልናስተውለው የሚገባን ይህን ዘመን ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ወደ ሌላ ሥራ በዞረ ነበር። እርሱ ግን ችግሩን በየክፍሉ ፈተሸው። የብዙ ሲሊንደሮች ጢስ በአንድ ቱቦ ሲሰበሰብ የአንዱ ግፊት የሌላውን መውጫ ያውካል። ስለዚህ ቱቦዎቹን ከፋፈላቸው። ደግሞም የአየር መግቢያውና የጢስ መውጫው በር ለአፍታ አብረው እንዲከፈቱ አደረገ፤ ንጹሑ አየር የተረፈውን ጢስ ጠርጎ ያስወጣል፣ ሲሊንደሩንም ያቀዘቅዛል። በ1925 በዚህ ዘዴ የሞተር ኃይል ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። በማግሥቱ ዓመት ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚሽ የተባሉት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች መሣሪያውን ይዘው ተጓዙ፤ 1,750 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተራቸው 2,500 ሰጠ።

ይህ ነገር ለእኛ ለደገኞች ልዩ ትርጉም አለው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሳንባችን ለምዶታል፤ ሞተር ግን አይለምድም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 የአውሮፕላን ሞተር ከ4,300 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነ። ከታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ከላይ 230 ብቻ ሆነ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። በቺንጋ የሚዞረው ነፊ ግን ፍጥነቱ በሞተሩ ልክ የተወሰነ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ የሚሰጠውም ግፊት አብሮ ይቀንሳል።

የቡኺን ታሪክ ሳነብ አጎቴ አንድ ምክር ፈለጉ። ከገጠር በርበሬ ወደ ቡሬ ገበያ የሚያመላልሱበት አሮጌ የቤንዚን ላንድሮቨር አላቸው፤ ዳገት ላይ ይደክማል። የሁለት በሬ ዋጋ አጠራቅመው ነበር። አንዱ መካኒክ ቱርቦ፣ ሌላው በቺንጋ የሚዞር ነፊ ያስገጥሙ ዘንድ መከሯቸው። እኔ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። በቺንጋ የሚዞረው ነዳጅ እንደረገጡ ወዲያው ይታዘዛል፤ ለከተማ መንገድና ለፈጣን አነሳስ ይስማማል፤ ዋጋው የሞተሩ ጉልበትና ነዳጅ ነው። ቱርቦው ከባከነ ሙቀት ይሠራል፣ ለደጋም የተሻለ ነው፤ ግን ጢሱ እስኪበረታ ጥቂት ይዘገያል፣ ሞተሩንም ያግላል። ለናፍታ ሞተር ያለ ጥርጥር ቱርቦውን እመርጣለሁ። የቤንዚን ሞተር ግን በሁለቱም ቢሆን ግፊቱ ከበዛበት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየነደደ ፒስተኑን ይሰብራል። ከሁሉ በፊት ግን መካኒኮች ፋሻ የሚሉት የፒስተኑ ቀለበት ያለቀ ከሆነ የታመቀው አየር በዚያው ሾልኮ ይቀራል። ሲታይም አልቆ ተገኘ። ገንዘቡ ለፋሻ ዋለ፤ ከፊሉም ተረፈ።

ወደ ቡኺ እንመለስ። በ1926 ከብራውን ቦቬሪ ኩባንያና ከቪንተርቱር የባቡር ፋብሪካ ጋር ማኅበር አቋቁሞ መሣሪያውን ለዓለም አዳረሰ። በ1938 ሳውረር የተባለው የስዊስ ፋብሪካ በጭነት መኪና ላይ ገጠመው። ቡኺ ኦክቶበር 27 ቀን 1959 በ80 ዓመቱ አረፈ። ለሽያጭ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች፣ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር፣ በአሜሪካ የታዩት በ1962 ስለሆነ እርሱ አላያቸውም። ጄትፋየር የውኃና የአልኮል ድብልቅ በየጊዜው ይጨመርለት ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች መጨመሩን እየዘነጉ ተቸገሩና ኩባንያው ቱርቦውን እያወለቀ በተራ ካርቡራቶር ተካላቸው።