ዓለመወርቅ በየነ

ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ኢትዮጵያዊ የእንስሳት ሐኪምና የጥቁር አንበሳ ማኅበር መሪ ነበሩ። በዘመናቸው በአገሪቱ የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሙያውን የተማሩት በብሪታንያ ነው፤ የቢሾፍቱው ፋኩልቲ የተከፈተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ፣ የሆለታ ዕጩ መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ነቀምት ላይ ማኅበሩን አቋቋሙ። መኮንኖች እያሉ ለመሪነት የተመረጡት ግን የእንስሳት ሐኪሙ ናቸው። ባለ 10 አንቀጹ ደንብም የፖለቲካውን ሥልጣን ከወታደራዊው በላይ ያደርጋል፤ ገበሬን መበደልንም ይከለክላል። በዚያው ሰኔ የማኅበሩ ሰዎች ነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖችን አቃጠሉ። በኋላ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሲሰጡ የማኅበሩ የተደራጀ ውጊያ ቆመ።