ሙሴ ኢልግና ምድር ባቡሩ

ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ እንደመጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሐዲዱን ያሰበው ሰው ግን ፈረንሳዊ አልነበረም፤ የስዊዘርላንድ ሰው ነው። ስሙ አልፍሬድ ኢልግ፤ ያገራችን ሰው ሙሴ ኢልግ ይለው ነበር።

ኢልግ በ1854 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1879 አንኮበር ሲገባ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከእኛ ቢበልጥ በአራት ዓመት ነው! ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። መጀመሪያ ያዘዙት ባቡር እንዳይመስላችሁ፤ ጫማ ሥራ አሉት ይባላል። ቀጥሎ ጠመንጃ። የተማርኩት ይህን አይደለም ብሎ ቢመለስ ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ።

እንዲህ እያለ ታመነ። አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። አዲስ አበባም ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሽቅብ አወጣ፤ ያላመነው ሁሉ ጉድ አለ።

ባቡሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ያን ጊዜ ቡናውም ቆዳውም ወደ ባሕር የሚወርደው በግመልና በበቅሎ ነበር። ኢልግ ትንሽ የባቡር ሞዴል ሠርቶ ለምኒልክ አሳየ። በ1894 ንጉሠ ነገሥቱ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡት፤ መሥመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያ ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ የታሰበ ነበር። ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋርም ኩባንያ አቋቋመ።

ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። አገሩ በረሓ፣ ውኃ የለ፤ ደረቁ ሸለቆ ግን ለጉድ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ያገኘውን ይጠርጋል። ስለዚህ ሆልሆልን በመሰለው ሸለቆ ላይ ረጅም የብረት ድልድይ ማቆም ግድ ሆነ። መሬቱ ደግሞ የኢሳዎች ግጦሽ ነበር፤ በግመል ጭነት የሚያገኙት ገቢም ሊቀርባቸው ነው። ታዲያ ዝም አላሉም፤ ሠፈሩን እየወረሩ ወዛደሮችን ገደሉ። ከነሱም ወገን የወደቀ አለ። የኢልግን የልደት ዓመት እናውቃለን፤ የነዚያን ሟቾች ስም ግን ማን ጻፈው?

የሐረር ተራራ ለሐዲድ የማይመች ሆነ። ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚህ ምክንያት ተቆረቆረች። በታኅሣሥ 1902 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠናቀቀ።

ደስታ ግን አልሆነም። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፤ ምኒልክ ሳይፈቅዱ የተደረገ ውል ስለሆነ ተቆጡ፤ ምረቃውንም አላከበሩም። ኢልግ መሐል ቤት ቀረ። ከ1897 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነው፤ የባቡሩም ባለ ፈቃድ እሱ ነው። ለሁለት ጌታ ማደሩ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ትልቁ ስሕተቱ ይህ ነው። ሰውየው አገራችንን አልወደደም ለማለት ግን አልደፍርም።

በ1907 ኩባንያው ከሰረ። ኢልግም በዚያው ሰሞን ሥራውን ለቆ አገሩ ገባ፤ ቀሪውን መንገድ በ1908 የተቋቋመ ሌላ ኩባንያ ያዘው። ኢልግ በጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።