ፍሪትዝ ሀበር፤ ማዳበሪያንም መርዝንም የሠራው ሊቅ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ነገሥታትንና የጦር አበጋዞችን መረጡ። እኔ የመረጥሁት ግን ራሱ የተመለጠ፣ መነጽር ያደረገ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው። ምክንያቴንም አስቀድሜ ልናገር።

ባለፈው ዓመት በኬሚስትሪ ክፍል ናይትሮጂንና ሃይድሮጂን ተዋሕደው አሞኒያ የሚሆኑበትን ዘዴ ስንማር፣ መምህራችን የሀበርን ስም በሰሌዳው ላይ ጻፉልን፤ እኛም ለፈተና ይሆነናል ብለን በቃላችን ያዝነው። በዚያው ሰሞን በታሪክ ክፍል ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስንማር፣ ጀርመኖች በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ የመርዝ ጋዝ መልቀቃቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በቤተ መጻሕፍት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ የዘመናዊን ጦርነት ታሪክ በጄኔራሎች ስምና በዘመቻ ቀን ብቻ የምንማር ከሆነ ጦርነቱ የተሠራበትን ቤት ሳናይ እንቀራለን የሚል አሳብ አደረብኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ነገሩ ወደ አገራችን ሲደርስ በራሳችን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ፍሪትዝ ሀበር በታኅሣሥ ወር 1868 ዓ.ም. በብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ የፕሩስያ ስትሆን፣ ዛሬ ቭሮትስላቭ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። እናቱ ከወሊዱ በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ሞተች። አባቱ የጨርቅ ቀለምና መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ነበረ፣ ልጁ የኬሚካል ሽታ ገና ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። በበርሊንና በሃይደልበርግ ተምሮ በ1891 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ አባቱም ንግዱን እንዲወርስለት ወደ ቤት ጠራው።

በዚህ ላይ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። በ1892 በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ፣ ወጣቱ ሀበር ወረርሽኙ በአገሩ ሁሉ ይስፋፋል ብሎ አባቱን አሳምኖ፣ በክሎሪን የተዘጋጀ የኖራ ዱቄት ለበሽታ መከላከያ በብዛት አስገዛ። በሽታው ግን ቶሎ ጠፋ፤ ዱቄቱም ሳይሸጥ ቀረ። አባትየውም ተቈጥቶ፣ አንተ ለንግድ አልተፈጠርህምና ወደ ትምህርትህ ተመለስ ብሎ አሰናበተው ይባላል። ክሎሪን በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ሃያ ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር።

በዚያ ዘመን በጀርመን አይሁዳዊ የሆነ ሰው ፕሮፌሰርነት ማግኘት እጅግ ይቸግረው ነበር። ሀበርም በ1892 ተጠምቆ ፕሮቴስታንት ሆነ። ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው አገሩ ልጄ እንድትለው እንደ ነበረ ከሥራው ሁሉ ይታያል። ይህንን ያልገባው ሰው የቀረውን ታሪኩን የሚረዳው አይመስለኝም።

በ1894 በካርልስሩኤ ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት በረዳትነት ተቀጠረ። ያን ጊዜ የሊቃውንቱ ሁሉ ጭንቀት ናይትሮጂን ነበር። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ያህል ናይትሮጂን ሲሆን፣ ስንዴውም ገብሱም ያለ እርሱ አያድግም፤ ዳሩ ግን አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን እርስ በርሱ እጅግ ጠብቆ የተያያዘ ስለሆነ ተክል ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ የኤውሮፓ ገበሬ በደቡብ አሜሪካ ከቺሊ በረሃ በመርከብ በሚመጣ ናይትሬት ላይ ይተማመን ነበር። ይህ ያለቀ ቀን ምን ይበላል?

ሀበር ሮበርት ለ ሮሲኞል ከሚባል ብልህ እንግሊዛዊ ረዳቱ ጋር ሆኖ፣ ናይትሮጂንና ሃይድሮጂንን ከተራው አየር ሁለት መቶ እጥፍ ያህል በሚበልጥ ግፊትና በብርቱ ሙቀት ውስጥ፣ ኦስሚየም በሚባል ብርቅ ብረት ላይ አሳለፋቸው። በሐምሌ 1909 የባስፍ ኩባንያ ሰዎች ቆመው ሲመለከቱ፣ ከመሣሪያው ጫፍ አሞኒያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ካርል ቦሽ የተባለው መሐንዲስ ይህን በጠረጴዛ ላይ የነበረ ነገር ወደ ትልቅ ፋብሪካ ለወጠው፤ ፋብሪካውም በ1913 በኦፓው ሥራ ጀመረ።

ወላጆቻችን፣ በተለይም ከገጠር የመጣችሁ፣ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። ዩሪያ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ነጭ ማዳበሪያ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። ዛሬ በዓለም ካለው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላውን የሚያገኘው በዚህ ዘዴ በተሠራ ናይትሮጂን ነው ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ። ከዚህ የበለጠ ሰውን ያበላ ሳይንቲስት ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ሀበር በ1911 በበርሊን አጠገብ በዳሌም ለተቋቋመው ታላቅ የምርምር ተቋም ዲሬክተር ሆነ። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ዘጉ፤ የቺሊውም ናይትሬት ለጀርመን መድረሱ ቀረ። ናይትሬት ደግሞ ለእርሻ ብቻ ሳይሆን ለባሩድና ለፈንጂም ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ለዳቦ የተሠራው ፋብሪካ ፊቱን አዞረ፤ አሞኒያው ናይትሪክ አሲድ፣ አሲዱም ፈንጂ ሆነ። ይህ ባይሆን ኖሮ የጀርመን ጦር ጥይቱ አልቆበት ጦርነቱ ቶሎ በቆመ ነበር ብለው የሚጽፉ አሉ።

ሀበር ግን በዚህ አልረካም። በምሥራቁም በምዕራቡም ጦሩ በምሽግ ውስጥ ተቀብሮ ወደፊት መሄድ ተስኖት ስለ ነበረ፣ ጠላትን ከምሽጉ የሚያስወጣ መርዝ እንሥራ የሚል አሳብ አቀረበ። አገሩ በ1899 እና በ1907 በላሄ ከተማ በተፈረሙት ስምምነቶች በመርዝ መዋጋትን ትታለች። ነገር ግን ከስምምነቶቹ አንዱ የሚከለክለው ጋዝ የሚረጭ የመድፍ ጥይትን ስለሆነ፣ ከብረት ሲሊንደር በነፋስ የሚለቀቅ ጋዝ ቃሉን አያፈርስም ተብሎ ታሰበ። እንዲህ ያለውን የሕግ ቀዳዳ የሚያገኘው ብዙ የተማረ ሰው ነው።

አምስት ሺህ ሰባት መቶ የሚያህሉ፣ ክሎሪን የተሞሉ ሲሊንደሮች በኢፕር ፊት ለፊት በምሽጉ ውስጥ ተቀበሩ። የኬሚስትሪ ሊቁ ራሱ ወደ ግንባሩ ሄዶ ሥራውን ይቈጣጠር ነበር። በዚያ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ወደ ጀርመኖቹ ስለ ነበረ ብዙ ቀን ተጠበቀ። በመጨረሻ በሚያዝያ 22 ቀን 1915 ወደ ማታ ግድም ነፋሱ ተመለሰ፤ ሲሊንደሮቹም ተከፈቱ። ስድስት ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ደመና መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄደ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ሰው ከጥይት ሊጠለልበት ወደ ቈፈረው ጕድጓድ ይወርዳል፤ ሳንባንም ያቃጥላል። በዚያ ስፍራ ቆመው የነበሩት የፈረንሳይ ጦር ወታደሮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከአልጄርያ የመጡ አፍሪካውያን ነበሩ። የታሪክ መጽሐፋችን ይህንን አይጽፍም፤ እኔም ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀምጬአለሁ።

ሀበር ስለዚህ ሥራው የሻምበልነት ማዕርግ አገኘ፤ ጥቂት ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስቱ ክላራ ኢመርቫር ራሷ ሊቅ ነበረች፤ በ1900 በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክተር የሆነች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሷ ናት፤ ከጋብቻዋ በኋላ ግን ላቦራቶሪውን ትታ በቤት ቀርታ ነበር። በግንቦት መጀመሪያ ሌሊት በአትክልቱ ቦታ በባሏ ሽጕጥ ራሷን ገደለች። በመርዙ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላም ኀዘን ነበረባት የሚሉ አሉ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃቸው ሄርማን በዚያች ሌሊት በቤት ነበረ። አባትየው ወዲያው ለሌላ የጋዝ ዘመቻ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ።

በዚያው ዓመት በመስከረም እንግሊዞችም በክሎሪን ተዋጉ፤ ከዚያም ፎስጂን መጣ፤ በ1917 ደግሞ ጀርመኖች ቆዳን የሚያቃጥለውንና ዓይን የሚያሳውረውን የሰናፍጭ ጋዝ አወጡ። ይህም መሣሪያ የተዘጋጀው በሀበር ተቋም ውስጥ ነው። በመርዙ ጦር ውስጥ ከእርሱ ጋር የሠሩት ኦቶ ሐን፣ ጄምስ ፍራንክና ጉስታፍ ሄርትዝ ሦስቱም በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በዚያ ጦርነት በጋዝ የሞቱት ሰዎች ወደ ዘጠና ሺህ እንደሚጠጉ ይገመታል።

ሀበር ሞት በጥይትም ሆነ በጋዝ ያው ሞት ነው፤ ጋዝ እንዲያውም ጦርነቱን ያሳጥራል ብሎ ይከራከር ነበር። ይህን በክፍላችን ባነሣሁ ጊዜ ተማሪው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን፣ እርሱ ባይሠራው ሌላው ይሠራው ነበር አለ። ሌላው ወገን፣ ሌላው ቢሠራው በደሉ የሌላው ይሆን ነበር ብሎ መለሰ። የታሪክና የኬሚስትሪ መምህሮቻችን በዚያ ቀን በአንድ ክፍል አብረው ተቀምጠው ሰሙን፤ ደወሉ ተደውሎም ማንም አልተነሣም።

ጦርነቱ በ1918 ሲያልቅ ሀበር በጦር ወንጀለኛነት እከሰሳለሁ ብሎ ሠግቶ ለጥቂት ጊዜ ወደ ስዊስ ሸሸ። ይሁን እንጂ በ1919 ስለ አሞኒያው የ1918 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በብዙ አገርም ተቃውሞ ተነሣ። ቀጥሎም አገሩ የተጫነባትን የጦር ካሣ እከፍልላታለሁ ብሎ ከባሕር ውኃ ወርቅ ለማውጣት ብዙ ዓመት ደከመ፤ ነገር ግን በውኃው ውስጥ ያለው ወርቅ ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1926 ተወው።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘና አይሁድ ከመንግሥት ሥራ እንዲባረሩ ሕግ ወጣ። ሀበር የዘመተ ወታደር ስለሆነ ለጊዜው ሕጉ አይነካውም ነበር፤ በሥሩ ያሉትን አይሁዳውያን ሠራተኞች ግን እንዲያስወጣ ታዘዘ። ይህን ከማድረግ ይልቅ ሥራውን ለቀቀ። በሕይወቱ ውስጥ እኔ ከልቤ የማከብርለት ይህን ነው። ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ካምብሪጅ ሄደ፤ ታላቁ ሊቅ ራዘርፎርድ ግን ስለ መርዙ ሊያገኘው አልወደደም ይባላል። ዋይዝማን በፍልስጥኤም ወደ ተቋቋመው የምርምር ቤት ጠርቶት ሳለ፣ በጥር 29 ቀን 1934 በባዝል ከተማ በሆቴል ውስጥ በልብ በሽታ ሞተ። የክላራ አመድም ወደዚያው መጥቶ ከእርሱ ጋር ተቀበረ።

እርሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ በሠራዊታችን ላይ ጣሉ። ኢጣልያ በጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት በ1928 በፈረንጆች አቆጣጠር አጽድቃው ነበር። መርዙ በመጀመሪያ በቦምብ፣ በኋላም እንደ ዝናብ ከአውሮፕላን እየተረጨ ወረደ፤ አብዛኛው ወታደራችን ባዶ እግሩን ስለ ነበረ በረከሰው ሣርና ውኃ ውስጥ ሲያልፍ ቆዳው ተላጠ። የቀይ መስቀሉ ዶክተር ጁኖ በኮረም የቈሰሉትን አይቶ መስክሯል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ለዓለም ተናገሩ። የኢጣልያ መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ አፍ ያመነው ግን በ1996 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ይህም ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሀበር ለኢጣልያ አንድም ቀን አልሠራም፤ ይህን በእርሱ ላይ መጫን ሐሰት ይሆናል። መንገዱን ግን እርሱ ጠርጎታል። በክርክሩ ቀን ቤተ ሰቦቹ ከተምቤን የሆኑ አንድ ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ቆይቶ፣ ቅድመ አያቱ ከዚያ ጦርነት በኋላ እግራቸው ሳይድን እንደ ሞቱ በቤታቸው እንደሚነገር ገለጸልን። ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ልክ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

የሀበር የራሱ ወገኖችም ከመርዝ አላመለጡም። ተቋሙ ከጦርነቱ በኋላ ተባይ ለማጥፋት በመርዛም ጋዝ ላይ ያደረገው ምርምር፣ ሲክሎን ለተባለው መርዝ መነሻ ሆነ፤ ናዚዎችም በኋላ በአውሽቪትስ አይሁድን የፈጁት በዚሁ ዓይነት መርዝ ሲሆን፣ በእልቂቱ ከጠፉት መካከል የሀበር ዘመዶች ይገኛሉ። ልጁ ሄርማን ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በ1946 እንደ እናቱ በገዛ እጁ ሞተ።

ከሁለተኛዪቱ ሚስቱ የተወለደው ሉድቪግ ሀበር ግን በእንግሊዝ አገር የታሪክ መምህር ሆነ። በ1986 በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ነበረው የመርዝ ጋዝ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያም መጽሐፍ ሲሊንደሮቹን፣ ነፋሱን፣ ፋብሪካዎቹን፣ የሞቱትንና የቈሰሉትን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ጋዙ ጦርነቱን እንዳላሳጠረ፣ እንደ መሣሪያም ቢሆን ከንቱ እንደ ነበረ አስረዳ። ለአባቱም አላደላም።