የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሕይወትና የመጨረሻው ሕመማቸው

ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ የሚባል ሥፍራ አለ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ ሥፍራ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸውም ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባል ነበር። ስለ መንግሥታቸውና ስለ ጦርነታቸው ብዙ ስለ ተጻፈ፣ በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ባጭሩ ከተመለከትን በኋላ የሙያ ባልደረቦቻችንን ይበልጥ ወደሚመለከተው ክፍል እናልፋለን። ይኸውም በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንጎላቸውን ያጠቃው ሕመም፣ ሐኪሞች ስለ ሕመሙ የነበራቸው አስተያየትና ይህ ሁሉ በአገሪቱ ላይ ያስከተለው ነገር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ገና በልጅነት ዕድሜ የነበሩት ምኒልክም ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ። መቀመጫቸው አንኮበር፣ ቀጥሎም በደብረ ብርሃን አጠገብ የምትገኘው ልቼ፣ ከዚያም እንጦጦ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ በዐድዋ ድል አደረጉ።

የምኒልክ ቤት ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። በአያታቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ አንኮበር በመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ውስጥ ሐኪም ነበረበት። ምኒልክም ራሳቸው በአንኮበር አቅራቢያ ልት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰጥተው ስለ ነበር፣ እንደ ትራቬርሲና እንደ ራጋዚ ያሉ ሐኪሞች በዚያ ተቀምጠው ሠርተዋል። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ መጥቶ ቁስለኞችን አከመ፤ በአዲስ አበባም ሆስፒታል አቋቋመ። የሩሲያ ሐኪሞች ከሄዱ በኋላ በዚያው ሥፍራ በ1902 ዓ.ም. ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተመሠረተ። ይህ ሆስፒታል ሥራ በጀመረበት ዘመን ግን ስሙን የሰጡት ሰው መናገር ተስኗቸው በአልጋ ላይ ተኝተው ነበር።

የሕመማቸው ታሪክ እንደሚከተለው ነው። በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚኒስትሮችን ሾሙ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም በሄዱ ጊዜ ድንገተኛ ሕመም ያዛቸው። ከዚህ ሕመም በከፊል አገገሙ፤ አእምሯቸውም ገና ጤናማ ስለ ነበር የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ እንዲተኩዋቸው ፈቃዳቸውን ለሹማምንቱ ገለጹ። በ1901 ዓ.ም. ይኸው በዐዋጅ ለሕዝብ ተነገረ። በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. ግን ከቀድሞው እጅግ የከፋ ሕመም ወደቀባቸው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱን በራሳቸው ቃል ለማስተዳደር አልቻሉም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ከጥቅምቱ ሕመም እስከ ሞታቸው አራት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ አልፏል።

በእነዚህ ዓመታት ልዩ ልዩ ሐኪሞች በአልጋቸው አጠገብ ተገኝተዋል። የጓድሎፕ ደሴት ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ቪታሊየን የግል ሐኪማቸው ነበሩ። ከመቅደላ በልጅነታቸው ተወስደው በህንድ ያደጉትና ሕክምና ተምረው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ንጉሠ ነገሥቱን ለመርዳት መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1909 የመጡት ጀርመናዊው ዶክተር ሽታይንኩለር ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ እየተሰጣቸው ነው የሚል ጥርጣሬ አነሡ። ክሱ በቤተ መንግሥቱና በውጭ አገር መልእክተኞች መካከል ብዙ ጭቅጭቅ አስነሣ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አልተገኘበትም። ሐኪም ያልተረዳውን በሽታ ስም ሳይሰጠው ሲቀር ወሬ ስም እንደሚያወጣለት ይህ ታሪክ ያሳያል።

ዛሬ ያለን እውቀት ይህን ሕመም እንዴት ያየዋል? አስከሬን አልተመረመረም፤ የአንጎልን ውስጥ በሕይወት ሳሉ የሚያሳይ መሣሪያም በዘመኑ አልነበረም። ስለዚህ መመዘኛችን የሕመሙ አካሄድ ብቻ ነው። አካሄዱ በድንገት የሚመጣ፣ ጥቂት ቀለል ብሎ የሚቆይ፣ ከዚያም በሌላ ድንገተኛ መውደቅ የሚባባስ ነው። እንዲህ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ሕመም የአንጎል ደም ሥር በሽታ፣ ማለትም ስትሮክ፣ ዋና መለያ ነው። ከመጨረሻው መውደቅ በኋላ ሕመምተኛው አራት ዓመት በላይ መቆየታቸውም ይህንኑ ይደግፋል። የሚያድግ ክፉ የአንጎል ዕጢ ሳይታከም ይህን ያህል ዘመን አይታገሥም።

የአንጎል ዕጢ በአብዛኛው የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ራስ ምታቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ይከፋል፤ ትውከትም ይከተለዋል። ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ ያልነበረበት ጎልማሳ በድንገት ሲጥለው ዕጢ ሊታሰብ ይገባል። የአንድ ወገን እጅና እግር ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ንግግር ይተሳሰራል፤ ዓይን ይደበዝዛል፤ የሰውየው ጠባይ ይለወጥና ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። ሆኖም ወደ ዕጢ ውስጥ ደም በፈሰሰ ጊዜ በሽታው ልክ እንደ ስትሮክ በድንገት ሊታይ ስለሚችል፣ በአካሄዱ ብቻ መፍረድ አያስተማምንም።

ዕጢዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድግ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ ሕመምተኛው ሊድን ይችላል። ከአንጎሉ ሥጋ ከራሱ የሚነሡት ግሊዮማዎች ናቸው። ከእነርሱ እጅግ ክፉው ግሊዮብላስቶማ በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በመድኃኒት ቢታከምም እንኳ የብዙ ሕመምተኞች ዕድሜ ከአንድ ዓመት ተኩል እምብዛም አያልፍም። የፒቱታሪ ዕጢ ዓይንንና የሆርሞንን ሥርዓት ይነካል፤ የመስሚያ ነርቭ ዕጢ አንድ ጆሮን ያደነቁራል፤ ሜዱሎብላስቶማ ደግሞ በይበልጥ ሕፃናትን ያጠቃል። ከሌላ አካል፣ በተለይም ከሳንባና ከጡት፣ ወደ አንጎል የሚዛመት ካንሰርም አለ። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ በሽታ አንጎል ውስጥ የሚፈጥረው እብጠት ዕጢ መስሎ እንደሚታይ መዘንጋት አይገባም።

የኅብለ ሰረሰር ዕጢ ምልክቱ ሌላ ነው። ሲተኙ የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ ከዚያም የእግር መድከምና መደንዘዝ፣ በመጨረሻም ሽንትንና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር አለመቻል ይታያል። ዕጢው ከኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ወይም ከኅብለ ሰረሰሩ ከራሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ውስጥ ሆነው ኅብለ ሰረሰሩን ከውጭ የሚጫኑት ሜኒንጂዮማና ሽዋኖማ በቀዶ ሕክምና ጥሩ ውጤት ያስገኛሉ። እግሩ ደክሞ የመጣ ሕመምተኛ ሽባ ከመሆኑ በፊት ካልተደረሰለት ግን በኋላ የሚደረግለት ሕክምና ብዙ ጊዜ እግሩን ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም። በዚህም ላይ የአከርካሪ አጥንት የሳንባ ነቀርሳ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ መለየት ያስፈልጋል።

በምኒልክ ዘመን ይህ ሙያ በአውሮፓም ገና ጨቅላ ነበር። በለንደን ጎድሊ የአንጎል ዕጢ የነቀለው እ.ኤ.አ. በ1884፣ ሆርስሊ የኅብለ ሰረሰር ዕጢ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 ቢገኝም የሚያሳየው አጥንትን እንጂ አንጎልን አልነበረም። አሜሪካዊው ሐኪም ኩሺንግ የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገው ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው። ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 እስኪመጣ ድረስ ስትሮክን ከዕጢ በእርግጠኝነት ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የነበሩትን ሐኪሞች በድክመት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሊያስተምረን የሚገባው ሕመሙ የተያዘበት መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር ከተሳናቸው በኋላ እቴጌ ጣይቱ የመንግሥቱን ሥራ ያዙ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ሕልፈት እንኳ ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ተደብቆ ቆየ፤ አስከሬናቸውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ድረስ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነበር። አገሪቱ ለዓመታት በሹክሹክታ ኖረች። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ መካከል ጸንቶ የተገኘው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ፣ አእምሯቸው ሳይደክም፣ ስለ ወራሻቸው የተናገሩት ቃል ነበር። ልጅ ኢያሱ ኋላ ቢሻሩም ዙፋኑ ባዶ በነበረበት ጊዜ መኳንንቱ የተስማሙበት ቃል እርሱ ነው።

የአንጎል በሽታ ከሌላው በሽታ የሚለይበት ነገር ይህ ነው። ሕመምተኛው ፈቃዱን የሚገልጽበትን መሣሪያ ራሱን ይነጥቃል። ስለዚህ ዕጢም ሆነ ስትሮክ የተገኘበት ሰው፣ ቃሉ ሳይጠፋ፣ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፣ ወዴት እንደሚያመራ፣ ምን ሕክምና እንዳለና ምን እንደሌለ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በአገራችን ልማድ መርዶ በቀጥታ አይነገርም፤ ቤተሰብም ከሕመምተኛው እንድንሰውርለት ይለምነናል። ልማዱን አክብረን፣ ጊዜና ሽማግሌ መርጠን መናገር እንችላለን፤ ፈጽሞ ዝም ማለት ግን የሕመምተኛውን የመጨረሻ ውሳኔ መንጠቅ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በ1998 ዓ.ም. ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር አድጓል። በደብረ ብርሃንም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ግቢ ሐኪሞችን ያስተምራል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአንጎለላ ራሱን ይዞ የመጣን ገበሬ በራስ ምታት ክኒን ሸኝቶ መመለስና ዓይኑን፣ አካሄዱንና የእጁን ብርታት መርምሮ በጊዜው ወደ ሚቀጥለው ሆስፒታል መላክ የሚለያዩት ግን በመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ መጀመሪያ የተቀበለው ባለሙያ በሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ምርመራ ነው።