የአብርሃም የወይን ቦታ፦ የቆንስል ጄምስ ፊን ሕይወት

ወደ እየሩሳሌም ወርዳችሁ ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ስትታጠፉ፣ ክቡን የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንና በደጁ ላይ የተቀረጸውን አንበሳ ሳታዩ አታልፉም። ከዚያ ወደ ሰሜን በጌኡላ በኩል በእግር ጥቂት ብትሄዱ ከሬም አቭራሃም ትደርሳላችሁ፤ የአብርሃም የወይን ቦታ ማለት ነው። ዛሬ ሃሬዲም ተጨናንቀው የሚኖሩበት ይህ ሰፈር በአንድ ወቅት የአንድ እንግሊዛዊ ባለሥልጣን የግል መሬት ነበር። የእኚህን ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ፊን በ1806 ተወለዱ። ዕብራይስጥ ተምረው በ1843 በቻይና ስለሚኖሩ አይሁድ መጽሐፍ አሳተሙ። በሩቅ አገር ተረስቶ የኖረ ወገን ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለምና፣ ይህን ሳነብ ሰውዬው ቀረቡኝ። በ1846 በእየሩሳሌም የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው መጡ። ባለቤታቸው ኤልሳቤጥም ዕብራይስጥ የምታውቅ ብርቱ ሴት ነበረች።

በዚያ ዘመን የከተማዋ አይሁድ አብዛኞቹ ከውጭ አገር ወገኖቻቸው በሚላክላቸው ምጽዋት ነበር የሚኖሩት። በ1853 የክራይሚያ ጦርነት ሲነሳ ከሩሲያ የሚመጣው ገንዘብ ተቋረጠ፤ ረሃብም ገባ። ፊን ከጦርነቱ በፊት፣ በ1852፣ ከግንቡ ውጭ ይህን መሬት ገዝተው ነበርና የተራቡትን አይሁድ በቀን ሙያተኝነት ቀጠሩ። ሰዎቹ ድንጋይ ለቀሙ፣ የውሃ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በ1855ም ቤት ሠሩ። የከተማው በሮች ማታ ማታ በሚዘጉበት በዚያ ጊዜ ከግንብ ውጭ ቤት መሥራት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ነገር ግን ለማመስገን አትቸኩሉ። የኤልሳቤጥ አባት አይሁድን ወደ ክርስትና ለመመለስ በለንደን የተቋቋመው ማኅበር ዋና ሰው ነበሩ። ረቢዎቹ የቆንስሉን እንጀራ በጥርጣሬ ያዩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ይኸው ማኅበር በ1860 ሚሲዮናዊውን ሽተርንን ወደ አባቶቻችን አገር ልኳል። በ1862 አባ መሃሪ ሕዝቡን ይዘው ወደ እየሩሳሌም ሲነሱ፣ ብዙዎችም በመንገድ ሲያልቁ፣ የሚሲዮኑ ግፊት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የእኛ ሰዎች ሊደርሱባት በተመኟት ከተማ ደግሞ በዚያው ዓመት ፊን ቆንስል ነበሩ። እኔ በበኩሌ እንጀራው እውነተኛ እንደነበረ አምናለሁ፤ ከጀርባው የነበረውን ፍላጎት ግን አልረሳም።

ስማቸው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ጋር ይነሳል። በ1838 ወረርሽኝ በዴር ሡልጣን ገዳም የነበሩትን መነኮሳት ከፈጀ ወዲህ ከግብፆች ጋር በቁልፉ ላይ ክርክር ነበር። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የኖሩት ጳጳስ ጎባትና ፊን ለኢትዮጵያውያኑ ይቆሙላቸው ነበር። ከፊን በኋላ የእንግሊዞች ድጋፍ ቀዘቀዘ። አፄ ቴዎድሮስ በ1864 ቆንስል ካሜሮንን ሲያስሩ ካነሷቸው ቅሬታዎች መካከል ይህ የእየሩሳሌም ጉዳይ ነበረበት።

ፊንን የጣላቸው ግን ዕዳ ነው። መሬቱም፣ የሠራተኛው ደመወዝም ከቆንስል ደመወዝ በላይ ስለነበር ከነጋዴዎች ተበደሩ፤ መክፈልም አቃታቸው። አበዳሪዎቹ ከሰሷቸው፤ መንግሥታቸውም በ1863 ከእየሩሳሌም አነሳቸው። በ1872 አረፉ። ማስታወሻቸውን በ1878 ያሳተመችው ባለቤታቸው ናት።

ኤልሳቤጥ በዚህ አላበቃችም። በሩሲያ በአይሁድ ላይ ግፍ ሲበዛ በ1882 የረድኤት ማኅበር አቋቋመች፤ በዚያው መሬት ላይም ስደተኞች ከወይራ ዘይት ሳሙና እየሠሩ ኖሩ። በ1921 ስትሞት ዕድሜዋ 95 ዓመት ነበር። ሰፈሩ በቤቶች የተሞላው ከዚያ ወዲህ ሲሆን፣ ደራሲው አሞስ ኦዝ ያደገው እዚያ ነው።

በ1855 የተሠራው የፊን ቤት ዛሬም በኦቫድያ ጎዳና ቆሟል። በዚያ በኩል ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ድንጋዩን የጠረቡት እነዚያ የተራቡት የቀን ሠራተኞች ናቸው።