ሰር ዱድሊ ስታምፕና የእርሻ መሬት

የምድር ጥናት ሊቁ ሰር ዱድሊ ስታምፕ እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በበርማ ሠርተው፣ በራንጉንም አስተምረው በ1926 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ከተሞች ያለ ልጓም እየሰፉ የእርሻውን ምድር ይውጡት ነበር፤ የጠፋው መሬት ለምን ሲያገለግል እንደ ነበረ ግን በአገር ደረጃ የተጠናቀረ መዝገብ አልነበረም።

ስታምፕ በ1930 የመሬት አጠቃቀም ጥናት ድርጅት አቋቋሙ። ገንዘቡ ጥቂት ነበርና የመስኩን ሥራ በአብዛኛው የተወጡት ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። አንዱ ማይል በስድስት ኢንች የተነሣበትን ካርታ ይዘው ከማሳ ማሳ በእግር እየዞሩ እርሻውን፣ ግጦሹን፣ ደኑንና ቤቱን ለይተው መዘገቡ። ይህ የልጆች ልምምድ የሚመስል ሥራ ኋላ የመንግሥት መሣሪያ ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እህል ባሰጋ ጊዜ፣ ስታምፕ የገጠር መሬትን ጉዳይ ለሚመረምረው የስኮት ኮሚቴ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። የ1942ቱ ሪፖርት፣ በለም መሬት ላይ መሥራት የሚሻ ሰው የአገር ጥቅም መሆኑን ራሱ ያስረዳ ሲል አሳሰበ። ከአባላቱ ኢኮኖሚስቱ ዴኒሰን ብቻ ተቃወሙ፤ ኢንዱስትሪ ወደ ገጠር ቢገባ ድኻው የእርሻ ሠራተኛ ይጠቀማል ባይ ነበሩ፤ ነገሩም በቀላሉ የሚጣል አልነበረም።

የ1947ቱ ሕግ መሬትን ያለ ፈቃድ ለግንባታ ማዋልን ከለከለ። እርሻው ራሱ ግን ከቁጥጥሩ ውጭ ቀረ፤ ገበሬው የገጠሩ ጠባቂ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ የማሳ አጥሮች በብዛት ሲነቀሉ ሕጉ ዝም አለ።

ስታምፕ በ1965 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው፣ በ1966 ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ዐረፉ።