ልዕልት ፀሐይ፣ የነርስነት ተማሪ

በአገራችን ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣ ሴቶች ብዙዎቹ በዙፋን፣ በዘመቻ ወይም ቤተ ክርስቲያን በማሠራት የታወቁ ናቸው። ደብተር ይዘው፣ መምህር ፊት ቁጭ ብለው፣ በመንግሥት ፈተና ተመዝነው በሙያቸው የታወቁት ግን ከአንድ መቶ ዓመት ወዲህ የመጡ ናቸው። ከነዚህም ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፣ ምንም ባይማሩ እንኳ ዕድሜ ልካቸውን በክብር ለመኖር የሚበቃ ቤት የተወለዱ ሰው ነበሩ።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በተለይ ለነርሲንግ ክፍል ጓደኞቻችን ነው። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት በማለዳ ነጭ ጋዎናቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ባጃጅ ሲሳፈሩ እናያቸዋለን፤ ማታም የአጥንትና የጅማት ስም ሲያነበንቡ እንሰማቸዋለን። እኛ በምሕንድስናና በሕግ ክፍል ያለነው ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ነርስነት መርፌ መውጋትና ትኩሳት መለካት ብቻ እየመሰለን አራት ዓመት ምን ይሠራሉ ስንል እንገኛለን። የልዕልቲቱን ሕይወት ያነበበ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀላሉ አያነሣም።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ራስ ተፈሪ መኰንን በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። በ1923 ዓ. ም. አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ልጅቱ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ ማተት አያስፈልግም፤ የቤተ መንግሥት ልጅ እንደሚያድግ አደጉ፣ የውጭ ቋንቋም ተማሩ። ከቤተ መንግሥት አስተዳደግ የተለየው ነገር የጀመረው ከጦርነቱ ጋር ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ. ም. መጨረሻ፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ሊሻገር በሚዘጋጅበት ወራት ነበረ። በዚያው ሰሞን በእቴጌ መነን የበላይነት የሴቶች የርዳታ ማኅበር ቆመና ልዕልት ፀሐይ በሥራው ዋነኛ ተካፋይ ሆኑ። ሴቶቹ ተሰብስበው ፋሻ ይጠቀልሉ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፉ፣ ለመርዝ ጋዝ መከላከያ የሚሆን የፊት ጭምብል ያዘጋጁ ነበረ። ፋሻ መጠቅለል ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ከግንባር የሚመጣው ቁስል ሌላ ዓይነት ሆነ። ኢፔሪት የሚባለው የጋዝ መርዝ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያጠፋል፣ ሳንባን ያቃጥላል፤ እንዲህ ያለውን ቁስለኛ በምን እንደሚያጥቡት፣ እንዴት እንደሚያስተኙት፣ ምን እንደሚያጠጡት ተምሮ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበረ። የሕክምናው ሥራ በአብዛኛው ከውጭ በመጡ የቀይ መስቀል ጓዶች ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እነሱም ቢሆኑ ከአይሮፕላን ቦምብ አልዳኑም። በታኅሣሥ 1928 ዓ. ም. በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን የሕክምና ጓድ ተደብድቦ ሕሙማኑና አስታማሚዎቹ አብረው አለቁ፣ ቆሰሉ። ደግ ልብ ኖሮ የተማረ እጅ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ልዕልቲቱ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው አዩ።

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ከጥቂት ልጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ልዕልት ፀሐይም አብረው ነበሩ፤ እንግሊዝኛ አጥርተው ያውቁ ስለ ነበረ ለአባታቸው ያስተረጉሙ ነበረ። ቤተ ሰቡ ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ይዞ በስደት ተቀመጠ።

ስደተኛ የንጉሥ ልጅ በዚያ አገር ምን ልትሠራ ትችል ነበር? ግብዣ ላይ ተገኝታ ስለ አገሯ መናገር፣ ለርዳታ ማሰባሰቢያ ፎቶግራፍ መነሣት ትችል ነበር፤ ልዕልት ፀሐይም ስለ አገራቸው ከመናገር አልቦዘኑም። ነገር ግን በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ. ም. ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ተማሪ ሆነው ገቡ። ይህ ሆስፒታል በ1852 ዶክተር ቻርልስ ዌስት ያቋቋመው፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተከፈተ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው። መሥራቹ ሕፃንን የሚያድነው ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ሌሊት አልጋው አጠገብ የምትነቃው ነርስ ጭምር መሆኗን ያመነ፣ ስለ ሕፃናት አስታማሚነትም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበረ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ለንደን ተምረው ነርስ ሆኑ በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። በዚያን ዘመን የነርስ ተማሪ ፕሮቤሽነር ትባል ነበረ፤ በሙከራ ላይ ያለች ማለት ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ሲሆን ተማሪዋ የምትማረውም የምትሠራውም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነበረ፤ የሆስፒታሉም የዕለት ሥራ በአብዛኛው በተማሪዎች ጉልበት ይካሄድ ነበረ። አልጋ ማንጠፍ፣ ወለልና ዕቃ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማጠብ፣ ፖፖ ማቅረብና ማንሣት፣ ጡጦ መቀቀል፣ የሌሊት ተራ መጠበቅ የጀማሪዋ ድርሻ ነው። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ክፍል ገብታ ትምህርት ትሰማለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919፣ ልዕልቲቱ በተወለዱበት ዓመት መሆኑ ነው፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የነርሶችን መዝገብ በሕግ ካቋቋመ ወዲህ ማንም ሰው የመንግሥቱን ፈተና ሳያልፍ የተመዘገበ ነርስ ሊባል አይችልም ነበረ። ፈተናው ሁለት ነበረ፤ በመጀመሪያው ስለ ሰው አካል አቋምና አሠራር፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ነርስነት መሠረታዊ ሥራ ይጠየቃል፤ በመጨረሻው ስለ በሽታ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንና ስለ አያያዛቸው። ለሕፃናት ነርሶች የተለየ የመዝገብ ክፍል ነበረ። ይህ ፈተና የማንንም አባት ስም የሚጠይቅ አልነበረም።

ደግሞም ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን አልደረሰም፤ የሰልፋ መድኃኒቶች መግባት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን የሚድነው፣ ከዳነ፣ በአብዛኛው በነርሷ ጥንቃቄ ነበረ፤ ትራሱን ከፍ አድርጋ፣ ትንፋሹን ቆጥራ፣ ውኃ በማንኪያ አጠጥታ፣ ትኩሳቱን በርጥብ ጨርቅ አብርዳ ቀናቱን ታሳልፈዋለች። ዲፍቴሪያ ጉሮሮውን ዘግቶት አንገቱ ተበስቶ ቱቦ የገባለት ሕፃን ካለ፣ ቱቦው በአክታ እንዳይደፈን ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ለጥቂት ደቂቃ ብታንቀላፋ ልጁ ሊሞት ይችላል። የዛሬው ተማሪ የመተንፈሻ አካላትን አሠራር የሚያጠናው ለማለፊያ ነጥብ ብቻ ከመሰለው፣ ይህን ቱቦ ያስብ።

ልዕልት ፀሐይ ሦስቱን ዓመት ጨርሰው በነሐሴ 1931 ዓ. ም. የሕፃናት ነርስነት የመንግሥት ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበረ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እሳቸውም ትምህርታቸውን በጠቅላላ ነርስነት ለማስፋት ጋይስ ወደሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ገቡ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 1940 ጀምሮ የጀርመን አይሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት ሲደበድቡ ቁስለኞችን ካስታመሙት ነርሶች አንዷ እሳቸው ነበሩ። በአገራቸው ቦምብ ሲወርድ ፋሻ ከመጠቅለል በቀር ሌላ ያልተማሩት ልጅ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሰው አገር ቦምብ ሲወርድ የሠለጠነ እጅ ነበራቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ልዕልቲቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። የያዙት አሳብ ግልጽ ነበረ፤ በአገር ውስጥ ዘመናዊ ሆስፒታልና ኢትዮጵያውያን ነርሶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ማቆም። በሚያዝያ 1934 ዓ. ም. አቢይ አበበ ከሚባሉት ወጣት መኰንን ጋር ተጋቡ፤ እኒህ ሰው ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትና በኅዳር 1967 ዓ. ም. በደርግ ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ናቸው። ባልና ሚስቱ ወደ ወለጋ ተጓዙና በለቀምት ተቀመጡ።

ከሠርጉ አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ. ም.፣ ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በለቀምት ዐረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ክረምት ነበረ፤ ከለቀምት አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እዚህ ላይ ለጓደኞቻችን ለነርስ ተማሪዎች አንድ ነገር ማመልከት እንወዳለን። በእንግሊዝ አገር አዋላጅነት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 በወጣ ሕግ የተለየ ትምህርትና የተለየ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሙያ ነበረ። የልዕልቲቱ ምስክር ወረቀት የሕፃናት ነርስነት ነው። ሆኖም ከነርሷ ይልቅ ሕመምተኛዋ ራስዋ እንድትድን፣ ሌላ የሠለጠነ ሰው አጠገብዋ መኖር ነበረበት። ለንደን ውስጥ በጦርነቱ ምክንያት የተለገሰ ደም በመጋዘን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበረ፤ የማሕፀን ደም ለማቆም የሚረዳው ኤርጎሜትሪን የተባለ መድኃኒት ከተገኘም ሰባት ዓመት ሆኖት ነበረ። በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የደም ባንክ ያቋቋመው ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ. ም. ነው። እንግዲህ በዚያ ክረምት በወለጋ፣ በሲዳሞም ሆነ በጎጃም በእርግዝናና በወሊድ የሞቱትን ሌሎች እናቶች ማን ቈጠራቸው? የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ የሆኑ፣ ካልዳኑ የገበሬዋ ሚስት በምን ትድናለች? የእናቶች ጤና የሚለው ትምህርት ዛሬ በነርሲንግ ዲግሪ ውስጥ የግድ የሚወሰድ መሆኑ፣ አዋላጅነትም ለብቻው ሙሉ የትምህርት ክፍል መሆኑ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ በሰዓት ሰሌዳ ላይ ቦታ ለመሙላት የገባ አይደለም።

የልዕልቲቱ ሞት በለንደን በተሰማ ጊዜ ሲልቪያ ፓንክኸርስት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቁማ የተከራከረችው እንግሊዛዊት፣ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሣች። እንግሊዝ ራስዋ በጦርነት ላይ ነበረች፤ ስለዚህ ሥራው ዓመታት ወሰደ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1944 ዓ. ም. ነው፤ በውስጡም የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረበት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1942 ዓ. ም. ገደማ፣ ቀይ መስቀል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ በዛሬው የካቲት 12፣ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበረ። በ1947 ዓ. ም. ገደማ ደግሞ በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቁሞ፣ ከሆስፒታል ግቢ ወጥተው በየገጠሩ የሚያገለግሉ የማኅበረ ሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐዋሳ የምትባለው ከተማችን ገና አልተቈረቈረችም፤ ሐይቁ ብቻ ነበረ።

ዛሬ በዚሁ ሐይቅ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ የነርስ ተማሪ ከአናቶሚና ከፊዚዎሎጂ ጀምሮ ማይክሮ ባዮሎጂን፣ የመድኃኒት ጥናትን፣ የሕሙማን ምርመራን፣ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርስነትን፣ የሕፃናትንና የእናቶችን ጤና፣ የአእምሮ ሕሙማን አያያዝን፣ የማኅበረ ሰብ ጤናንና የምርምር ዘዴን ይማራል። ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪውን አያገኝም፤ ስለዚህ ፈተና የሚሰማውን ምሬት ሁሉ እናውቀዋለን፣ በከፊልም እንጋራዋለን። ልዕልት ፀሐይ በመንግሥት ፈተና ሲቀመጡ የሚመለሱበት አገር በጠላት እጅ ነበረች።

መቃብራቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ፣ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት ሕንፃ ውስጥ ነው። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ለጦር ሠራዊቱ ተሰጥቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል። እንደ እሳቸው በወጣትነታቸው፣ በ1926 ዓ. ም. በመቀሌ የሞቱት የታላቅ እኅታቸው የልዕልት ዘነበወርቅ ስም ግን፣ በስማቸው ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተነሥቶ ለአካባቢው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የአዲስ አበባ የታክሲ ረዳቶች እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ፣ ጦር ኃይሎች እያሉ ይጣራሉ።